የፎንዳንት ቅርፃችሁ ኬኩ ላይ እንዳይተኛ፦ ከደሴ ኩሽና ደረጃ በደረጃ

ሰላም ናችሁ? ስለ ፎንዳንት፣ ኬክ ስለምናለብሰውና ቅርፅ ስለምንሠራበት የስኳር ሊጥ፣ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ። አንዷ «ፎንዳንቱ አላበው» ትለኛለች። ሌላዋ «ሙሽሪት ጎንበስ ጎንበስ ብላ ክሬሙ ላይ ተኛች» ትላለች። ሌላው ፎቶ ይልክና «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ዝም ይላል። ለሁሉም በድምፅ ስመልስ ድምፄ ሊዘጋ ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ እልካለሁ።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ቅርፁ የተሠራው ኬኩ ከተጋገረ በኋላ፣ ዝግጅቱ ሊደርስ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። ፎንዳንት ማለት በአብዛኛው ስኳር ነው፣ ስኳር ደግሞ ውሃ ካገኘ ይጠጣል። ያልደረቀ ቅርፅ እርጥብ ክሬም ላይ ሲቀመጥ ከታች ከክሬሙ፣ ከላይ ከአየሩ ውሃ ይስብና ይለሰልሳል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ይተኛል። ቅርፁ ኬኩ ገና ሳይጋገር መሠራት፣ ዝግጅቱ ሳይደርስ ደግሞ ደርቆ ካርቶን ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ቀኑን ከኋላ ቁጠሩ

ዝግጅቱ ቅዳሜ ነው እንበል። ማክሰኞ ፎንዳንቱን ትሠራላችሁ፣ ረቡዕ ቅርፁን። ሐሙስ ቅርፁ እየደረቀ እናንተ ኬክ ትጋግራላችሁ። ዓርብ ክሬም ቀብታችሁ ታለብሳላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቅርፁን ማቆም ብቻ ይቀራል።

ይህ የበጋ አቆጣጠር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ ጉም ለብሳ ስትውል ምንም ነገር ቶሎ አይደርቅም፣ ልብስ እንኳ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ይሰነብታል። ያኔ ሁለት ቀን ጨምሩና ከእሑድ ጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለፎንዳንቱ (1 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ይወጣዋል፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ኬክ አልብሶ ለጥቂት ቅርፅ ይተርፋል)፦

- ፓውደር ስኳር 1 ኪሎ፣ ሁለት ጊዜ የተነፋ
- ጄላቲን 1 የሾርባ ማንኪያ
- ቀዝቃዛ ውሃ ሩብ ኩባያ (60 ሚሊ ሊትር)
- ግሉኮስ ሲረፕ ግማሽ ኩባያ
- ለምግብ የሚሆን ግሊሰሪን 1 የሾርባ ማንኪያ
- የረጋ የአትክልት ቅባት 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ለእጃችሁም ትንሽ
- ቫኒላ እንደ ፍላጎት

ለቅርፁ፦ ሲኤምሲ የሚባለው ማጠንከሪያ ዱቄት፣ ጄል ቀለም፣ ካካዎ፣ የበቆሎ ስታርች፣ ደረቅ ስፓጌቲ፣ የጥብስ እንጨት፣ ስቴኪኒ፣ ቀጭን አዲስ ብሩሽ፣ መዳመጫ፣ ስለታም ቢላ፣ ባዶ የእንቁላል ካርቶን፣ ስትሮ።

ስለ ስኳሩ አንድ ነገር። ቤት ውስጥ በብሌንደር የፈጫችሁት ስኳር እንደ ፓውደር አይልምም፣ አሸዋ አሸዋ ይላል። ያ ፎንዳንት ኬኩን ስታለብሱበት ጥጉ ላይ ይቀደዳል። ለሻይ ብስኩት ይሁን፣ ለዚህ ግን የታሸገውን ግዙ።

ስለ ጄላቲኑ ደግሞ በደንብ ስሙኝ። ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ይሠራል፣ ማርሽሜሎም ውስጥ አለ። እኛ ጋ አንድን ኬክ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከበው ነው የሚበሉት። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የከብት ወይም ሐላል የሚል ካላያችሁ አትጠቀሙ። ከምን እንደተሠራ ካልጻፈ ተዉት። ለጾም ከሆነ ደግሞ የከብቱም አይሆንም። ያለ ጄላቲን በተክል ሙጫ የሚሠራ የተዘጋጀ ፎንዳንት አለ፣ ጀርባውን አንብባችሁ እሱን ግዙ። ክሬሙንም እንዳትረሱ፣ ቅቤ ነው።

ፎንዳንቱን መሥራት

1. ጄላቲኑን ቀዝቃዛው ውሃ ላይ በትኑና 5 ደቂቃ ተዉት። አብጦ ስፖንጅ ይመስላል። ሙቅ ውሃ ላይ ከበተናችሁት ላዩ ይጓጉላል፣ ውስጡ ደረቅ ይቀራል፣ በኋላ ፎንዳንቱ ውስጥ ጠጠር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

2. ዕቃውን የሚፈላ ውሃ የያዘ ድስት ላይ አስቀምጡና ጄላቲኑ እስኪቀልጥ አማስሉ። ራሱ እንዲፈላ ግን አትፍቀዱ፣ ከፈላ የማያያዝ ኃይሉ ይደክማል። ሲቀልጥ ግሉኮሱን፣ ግሊሰሪኑን፣ በመጨረሻም ቅባቱን ጨምሩ። ግሉኮሱ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይጠጥር፣ ግሊሰሪኑ ፎንዳንቱ እንዳይደርቅ ነው። አውርዱትና ለብ ይበል።

3. ከስኳሩ ሦስት አራተኛውን ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ መሐሉን ጎድጎድ አድርጉ፣ ለብ ያለውን አፍስሱና በእንጨት ማንኪያ አማስሉ። ሲከብዳችሁ ጠረጴዛ ላይ አውጡት።

4. እጃችሁን ቅባት ቀብታችሁ እሹት። የቀረውን ስኳር በጥቂት በጥቂቱ ብቻ ነው የምትጨምሩት። የደሴ አየር በበጋ ደረቅ ስለሆነ ኪሎው ሳያልቅ ሊበቃው ይችላል። ሙከራው እንዲህ ነው፦ በጣት ጫን ስትሉት ምልክቱ ይቀራል እንጂ ጣታችሁ ላይ አይጣበቅም፣ ስትስቡት ደግሞ ትንሽ ይለጠጣል። ወዲያው ከተቆረጠ ስኳር በዝቶበታል፣ በቅባት እሹት።

5. ላዩን ቅባት ቀቡት፣ በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አሳድሩት። ፍሪጅ ውስጥ ሳይሆን ውጭ። ሲያድር ስኳሩ ውሃውን እኩል ይካፈላል፣ ጠዋት ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማታ ተስፋ የቆረጠ ሰው ጠዋት ይስቃል፣ አብሽሩ።

ቅርፁን መሥራት

6. ለቅርፅ የምትፈልጉትን ያህል ቁረጡና ለየ250 ግራሙ 1 የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ ጨምራችሁ እሹ። ጠቅልላችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት። ይህ ዱቄት ነው ቅርፁን እንደ ሸክላ የሚያጠነክረው፣ ያለ እሱ የተሠራ ሰው ከላይ ቀጭን ቅርፊት ያወጣና ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ኬኩን የምታለብሱበት ላይ ግን እንዳታስገቡ፣ ሰው ሲበላው ጥርስ ይፈትናል።

ማጣበቂያውም ከዚሁ ነው፦ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አሳድሩት። በብሩሽ ጫፍ ስስ አድርጋችሁ ብቻ ቀቡ። ብዙ ከሆነ እጁ ከትከሻው ተንሸራቶ ይወርዳል።

7. ቀለም ሁልጊዜ ጄል ወይም ዱቄት ይሁን። በጠርሙስ የሚሸጠው ቀጭኑ ቀለም ውሃ ነው፣ ፎንዳንቱን ሙጫ ያደርገዋል። በስቴኪኒ ጫፍ እየነካችሁ ጨምሩ፣ ካደረ ይጠቁራልና ከምትፈልጉት ትንሽ ቀለል ብሎ ይቅር።

አሁን ወደ ጀበናው። ለእናት ልደት፣ ለቤት ምረቃ፣ ለምኑም ይሄን ነው የምታዘዘው፣ ስለዚህ እሱን በዝርዝር ልንገራችሁ።

8. ጥቁሩን ከነጭ ፎንዳንት አትጀምሩ። ነጩን ለማጥቆር የሚፈጀው ቀለም ብዛቱ ፎንዳንቱን ያጣብቀዋል፣ ይመራል፣ የእንግዳውንም ጥርስ ያጠቁራል። መጀመሪያ ለ100 ግራም 1 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ ጨምራችሁ ቡናማ አድርጉት። ካካዎ ስለሚያደርቅ ትንሽ ቅባት ይጨመርበታል። ከዚያ በትንሽ ጥቁር ጄል ይጠናቀቃል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቡናማ የቀረበት ጀበና ሸክላ ይመስላል፣ ድፍን ከጠቆረው ያምራል።

9. ለሆዱ 60 ግራም፣ ለአንገቱ 15፣ ለመቅጃውና ለጆሮው 5፣ 5 ግራም መዝኑ። በዓይን ስትሠሩት አንገቱ ሁልጊዜ ይወፍራል።

ሆዱን ስንጥቅ እስኪጠፋበት በሁለት መዳፍ አሙልሙሉት። ታቹን ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉና ጠፍጣፋ ይሁን። ከላይ ደረቅ ስፓጌቲ ትከሉ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። አንገቱን ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ አድርጋችሁ አሙልሙሉና በስፓጌቲው ላይ አውርዱት፣ መገጣጠሚያውን በጣት ዳብሱት። ስፓጌቲ የመረጥኩት ምክንያት አለኝ፦ ልጅ ቢነክሰው ስቴኪኒ ድድ ይወጋል፣ ስፓጌቲ ይሰበራል።

ጆሮውን ግን አሁን አትለጥፉት። ቀስት አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ጥቂት ሰዓት ይድረቅ፣ ማታ ላይ አጣብቁት። እርጥቡን ስትለጥፉት በራሱ ክብደት ይለጠጥና ጀበናው ጆሮው የተንጠለጠለ ፍየል ይመስላል። መቅጃውም ሲለጠፍ ከሥሩ ጥጥ ወይም የተጣጠፈ ሶፍት አስደግፉለት፣ ሲደርቅ ታወጡታላችሁ። ታቹ ካላማረላችሁ ከሌላ ቀለም ቀለበት ሠርታችሁ ማቶት አድርጉለት። ጀበናውም በሥርዓቱ ይቀመጣል፣ ጉዱም ይሸፈናል።

ሲኒ ቀላል ነው። 5 ግራሟን ኳስ በብሩሽ እጀታ ጀርባ መሐሏን ጎድጎድ ማድረግ ብቻ። ረከቦቱ ግን ከድፍን ፎንዳንት ከተሠራ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ይሰነብታል። አራት ማዕዘን ብስኩት በስስ ፎንዳንት ጠቅልሉ፣ አለቀ።

10. ሌላው የሚበዛው ትእዛዝ ተመራቂ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሲደርስ ደሴም ኮምቦልቻም ኬክ ሠሪ አይተኛም። አካሉ 80 ግራም፣ ከላይ ጠበብ ያለ ሾጣጣ፣ ጋዋኑ ራሱ አካሉ ነው። የጥብስ እንጨት ከላይ እስከ ታች አሳልፉበት፣ ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ለጭንቅላት፣ ከታች ደግሞ ቢያንስ የቅርፁን ግማሽ ቁመት ያህል ኬኩ ውስጥ የሚገባ ይተርፍ። እንጨቱ ስላለበት ቅርፁን ሳታስተኙ ፎም ወይም የታሸገ ስታርች ላይ ሰክታችሁ አድርቁት።

ጭንቅላቱ 30 ግራም ይበቃል። ገና እርጥብ እያለ በእንጨቱ ቀዳዳውን ብሱለትና ለብቻው የእንቁላል ካርቶኑ ውስጥ ይደር። ካርቶኑ ጎድጓዳ ስለሆነ የኋላው አይጠፈጠፍም። በማግስቱ አካሉ ሲጠነክር ጭንቅላቱን አውርዱበት። በአንድ ቀን የተገጣጠመ ሰው አንገቱ ይሰምጣል፣ ሁሌም ነው።

ቆቡ 3 ሴንቲ ሜትር በ3 ሴንቲ ሜትር፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የደረቀ። እየገለበጣችሁ አድርቁት፣ አለዚያ ጫፎቹ ወደ ላይ ይታጠፋሉ።

11. ማድረቂያው ቦታ ጥላ ያለበት፣ አየር የሚገባበት ይሁን። ኩሽና አይሆንም፣ ወጥ ሲንተከተክ እንፋሎቱን ሁሉ ቅርፁ ነው የሚጠጣው። ፀሐይ ላይም አይሆንም፣ ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለም በተለይ ይደበዝዛል። ኦቭን ውስጥ ደግሞ ላዩ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ይቀልጣል። በስስ ጨርቅ ብቻ ሸፍኑት። ፌስታል ውስጥ ከከተታችሁት ውሃው መውጫ ያጣል።

ኬኩን ማልበስ

12. ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ኬክ ቶሎ ይነሳና መሐሉ ይሰምጣል። ከቆላ አገር ያገኛችሁት አሠራር ከሆነ ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ቀንሱ። ኬኩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ጉብታውን ቆርጣችሁ ደልድሉ፣ ፎንዳንት ጉድጓድን አይደብቅም፣ ያጎላዋል።

13. ክሬሙ የገበታ ቅቤና ፓውደር ስኳር የተመታ ይሁን፣ ወይም ጋናሽ (በትኩስ ክሬም የቀለጠ ቸኮሌት)። ከፎንዳንት ሥር ዊፒንግ ክሬም በፍጹም! ይህን በቀይ ቀለም ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ዊፒንግ ክሬም ውስጥ ብዙ ውሃ አለ፣ ፎንዳንቱን በሰዓታት ውስጥ ያቀልጠዋል። ደንበኛ የግድ ካለች በንብርብሮቹ መሐል አድርጉላት፣ ዙሪያውን ግን በቅቤ ክሬም አጥሩት።

3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀብታችሁ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይጠንክር። ለስላሳ ከሆነ ስታለብሱት የጣታችሁ ጉድጓድ ሁሉ ይታያል።

14. ጠረጴዛው ላይ ስታርች ነስንሱና ፎንዳንቱን 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ዳምጡ። ስፋቱን እንዲህ አስቡ፦ የኬኩ ስፋት ሲደመር ሁለት ጊዜ ቁመቱ ሲደመር 5 ሴንቲ ሜትር። 20 ስፋት፣ 10 ቁመት ከሆነ 45 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። እያዞራችሁ ዳምጡ እንጂ አትገልብጡት።

15. መዳመጫው ላይ ጠቅልላችሁ ኬኩ ላይ ዘርጉ። መጀመሪያ ላዩን፣ ቀጥሎ ጥጉን፣ ከዚያ ጎኑን ወደ ታች በመዳፍ ዳብሱ። ታች ላይ ሲሸበሸብ እንደ ቀሚስ ጫፍ ወደ ውጭ ገለጥ አድርጋችሁ አስተካክሉ፣ እጥፋቱን አትጫኑት፣ አንዴ ከተጫነ አይጠፋም። ጥጉን ቶሎ ያዙት፣ ክብደቱ ታች እየጎተተው ሲቆይ የሚቀደደው እዚያ ነው። አየር ከታሰረ በመርፌ አግድም ወጋ አድርጉ። መርፌዋ ባለ ትልቅ ራስ አንድ ትሁን፣ ስትጨርሱ ቆጥራችሁ አስቀምጧት። ይህ ቀልድ አይደለም።

ማቆምና መንገድ

16. ከ150 ግራም በላይ የሆነ ቅርፅ ለስላሳ ኬክ ላይ ይሰምጣል። ቅርፁ በሚቆምበት ቦታ ሦስት ወይም አራት ወፍራም ስትሮ በኬኩ ቁመት ልክ ቆርጣችሁ ትከሉ። በላያቸው ለምግብ የሚሆን ስስ ካርቶን፣ በካርቶኑ ላይ ቅርፁ። ክብደቱን ስትሮው ይሸከማል። እንጨቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ቀድማችሁ ብሱት፣ ቅርፁን ይዛችሁ ከገፋችሁ ክንዱ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

17. ኬኩ ኮምቦልቻ የሚወርድ ከሆነ ቅርፁን ለብቻው በካርቶን ይዛችሁ እዚያው አቁሙት። እኔ አንዴ ሰነፍኩና ተመራቂውን አቁሜ ጫንኩት። ሐረጎ ላይ ስንጠማዘዝ ጭንቅላቱ ወረደ፣ ቆቡ ወንበር ሥር ተገኘ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ጥምዝምዙን ታውቁታላችሁ። ኬኩን ጭን ላይ አትያዙት፣ የመኪናው ወንበርም ያዘነብላል፣ ወለሉ ላይ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ሌላም ነገር አለ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ስትወርዱ አየሩ ይሞቃል። ከደሴ ብርድ የወጣ ኬክ ሞቃት አየር ሲነካው ልክ ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ላቡ ይወርዳል። ካርቶኑን ደርሳችሁ ወዲያው አትክፈቱት። እንደተዘጋ ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ ላቡ ካርቶኑ ላይ ይቀራል።

ጥፋት ሲፈጠር

- አላበው፦ አትንኩት፣ በሶፍትም አትጥረጉት፣ ስታርችም አትነስንሱበት። መስኮት ክፈቱ ወይም ማራገቢያ ከሩቅ አድርጉለት፣ በራሱ ይደርቃል። ከነካችሁት አሻራችሁ ይቀራል።
- የዝሆን ቆዳ መሰለ፦ ስትዳምጡ ቆይታችሁ ላዩ ደርቋል። ካለበሳችሁት ትንሽ ቅባት በጣት እያሻችሁ ለስልሱት። ገና ካላለበሳችሁት ሰብስባችሁ በቅባት እንደገና እሹት።
- ክንዱ ተሰበረ፦ ትንሽ ፎንዳንት በማጣበቂያው እስኪላቁጥ እሹት፣ እሱ እንደ ሲሚንቶ ነው። እጅጌ ወይም አምባር አልብሳችሁ ስፌቱን ደብቁ።
- ደንበኛ ዊፒንግ ክሬም ኬክ ላይ ቅርፅ ፈለገች፦ ከቅርፁ ሥር የቀለጠ ቸኮሌት ቀብታችሁ አድርቁ፣ ሊቆረጥ ሲል ብቻ አስቀምጡት።
- ወርቃማ ብናኝ፦ «ለምግብ የሚሆን» ካላለ ለጌጥ እንጂ ለሆድ አይደለም። በቮድካ በጥብጡት የሚል ምክር ታያላችሁ፣ የማን ቤት እንደሚሄድ ሳታውቁ አታድርጉት። በደረቅ ብሩሽም ይይዛል።
- ግሊሰሪን ከፋርማሲ፦ ለቆዳ የሚሸጠውን አታስገቡ፣ የሚበላ መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ።

ኬኩ ከመቆረጡ በፊት ውስጡ ስንት እንጨትና ስንት ስትሮ እንዳለ ለባለቤቷ በቁጥር ንገሯት፣ ካርቶኑ ላይም ጻፉት። የቆራጩ ቢላ ስትሮ ሲነካ ነው ብዙ ጊዜ ስልክ የሚደወልልኝ። የተረፈውን ፎንዳንት ቅባት ቀብታችሁ፣ ጠቅልላችሁ ጨለማ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፣ ወር ይቆያል። ጀበናዋን ልጆቹ ካልበሏት እሷም ደረቅ ቦታ ወራት ትቀመጣለች።